ባዶውን መስክ ከማስቀረትህ በፊት

ወንድሜ፣ «በሲ ሻርፕ የሠራሁት ፕሮግራም ኦብጀክቶችን (የመረጃ ጥቅሎችን) ወደ ኤክስኤምኤል (መረጃን በታግ ወደሚያጥር የጽሑፍ ቅርጽ) ሲቀይር ባዶ መስኮችን ጭምር ይጽፋል፤ እንዴት ላስቀራቸው?» ብለህ ጠይቀሃል። መፍትሔው አጭር ነው። መዘዙን ግን እዚህ ደሴ በራሴ ሥራ ላይ ስላየሁት ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

ባዶ የምንለው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ስትሪንግ (ጽሑፍ) የሆነ መስክ ነል (ጭራሽ ዋጋ ያልተሰጠው) ሲሆን ኤክስኤምኤል ሲሪያላይዘር፣ ማለትም መቀየሩን የሚሠራው የሲ ሻርፕ መሣሪያ፣ ራሱ ይተወዋል፤ አንድም ፊደል የሌለው ስትሪንግ ሲሆን ግን ባዶ ታግ ይጽፍለታል። ነል መሆን የተፈቀደለት ቁጥር ወይም ቀን ደግሞ ነል ሲሆን «ዋጋ የለውም» የሚል የኒል ምልክት ተለጥፎበት ይወጣል። ለሁለቱም «ሹድሲሪያላይዝ» ብሎ የሚጀምርና የመስኩን ስም የሚያስከትል ፐብሊክ ሜተድ (ከውጭ ሊጠራ የሚችል የኮድ ክፍል) ጻፍ፤ ፎልስ (ሐሰት) ከመለሰ መስኩ አይጻፍም። በጃቫ ቋንቋ ጃክሰን የተባለውን መሣሪያ ለሚጠቀሙ «ኖን ኤምፕቲ» የሚለው ምርጫ ይበቃል።

ዲፎልት ቫልዩን፣ ማለትም ለመስኩ አስቀድሞ የሚወሰነውን መነሻ ዋጋ፣ ግን ተጠንቀቀው። ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የማዳበሪያ ዱቤ መዝገብ ስሠራ፣ ፋይሉ እንዲቀል ብዬ ቀሪ ዕዳ የሚለውን መስክ ዲፎልት ቫልዩ ዜሮ አደረግሁት። ከሐይቅ በኩል የመጡ አንድ አባት ዕዳቸውን ከፍለው ከጨረሱ በኋላ እንደገና ክፈሉ ተባሉ። ደረሰኙን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረውት ነበር፤ ቀስ ብለው ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና «ልጄ፣ ማኅተሙ ይኸው» አሉኝ። መስኩ ከዲፎልቱ ጋር እኩል ስለሆነ የእኔ ፕሮግራም ዜሮውን ሳይጽፍ ቀርቷል፤ ተቀባዩ ፕሮግራም ደግሞ መስኩን ሲያጣው «አልተለወጠም» ብሎ የድሮውን 4,200 ብር እንደያዘ ቆይቷል። ያን ቀን በጣም አፈርሁ። እኒህን አባት ዳግም ያስመላለሳቸው አንድ የኮድ መስመር ነው።

ከዚያ ወዲህ ዜሮን ባዶ ብዬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ይጻፋል። ያልተሞላ ቀን ይቅር፤ በስኪማው (የፋይሉን መስኮችና ዓይነታቸውን በሚደነግገው ሰነድ) የቀን ዓይነት የተሰጠው መስክ ባዶ ታግ አይቀበልምና፣ ሚንኦከርስ ዜሮ መሆኑን፣ ማለትም መስኩ ባይኖርም እንደሚፈቀድ፣ ብቻ አረጋግጥ። ቀድሞ ተሞልቶ የነበረና አሁን ሆን ተብሎ የተሰረዘ ነገር፣ ለምሳሌ የስልክ ቁጥር፣ ዝም ተብሎ አይዘለልም፤ ስኪማው ኒለብል (ኒል ሊሆን የሚችል) ካለው የኒል ምልክቱን ላክ።

ሜተዱን ከመጻፍህ በፊት ፋይሉን የሚቀበሉህን ሰዎች «መስኩ ከሌለ ፕሮግራማችሁ ምን ያደርጋል?» ብለህ ጠይቃቸው። ስኪማውን እዚህ ብትለጥፈው እያንዳንዱን መስክ አብሬህ አየዋለሁ።