መልስ፦ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ማታ ማታ የሚነደው ላስቲክ

«ጎረቤት ላስቲክ ሲያቃጥል ልጄን ያስላታል፣ ምን ላድርግ?» ላልሽው፦ ጭሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን መስኮት ዝጊ። በነጠላ አፍንጫዋን መሸፈን ደቃቁን ብናኝ አያቆመውም። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ከሰልም እጣንም አታጭሺ። ደረቷ ሲር ሲር ካለ ወይም ትንፋሿ ከፈጠነ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ ዳማከሴ አይበቃም።

ማታ የሚብሰው አየሩ ሲቀዘቅዝ ጭሱ መሬት ላይ ስለሚተኛ ነው። ቀን ከጣና የሚነፍሰው ነፋስ ይገፋዋል (ወደ ሌላ ሰፈር እንጂ አያጠፋውም)።

ጎረቤትሽን ግን ብቻሽን አትጋፈጪው። እኛ ሰፈር አንዷ ተናግራ ነገሩ ጠብ ሆኖ ቀረ። በእድር ሲነሳ ነው ላስቲክ ለይቶ በማዳበሪያ ከረጢት ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ማስረከብ የተለመደው። እነሱ ሲዘገዩ ብዙ ሰው ስለሚያቃጥል የሚመጡበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ።