የትኛው ዶላር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ልጄ ሕክምና ልታጠና ግሬናዳ ልትሄድ ነው። እዚያ የሚሠራው የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ነው አሉኝ። ግሬናዳ ለብቻዋ ማዕከላዊ ባንክ እንኳ የላትም ይባላል። ይህ ገንዘብ ይታመናል? የአሜሪካን ዶላር ብቻ ይዛ ብትሄድስ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሥጋትዎ ይገባኛል፤ ግን ገንዘቡ ከስሙ በላይ የጠና ነው። የስምንት ትንንሽ ግዛቶች የጋራ ገንዘብ ነው። ስድስቱ ነጻ አገሮች ናቸው፤ አንጉዊላና ሞንትሰራት ደግሞ በብሪታንያ ሥር ያሉ። ማዕከላዊ ባንካቸው አንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ተቋቁሞ መቀመጫውን ሴንት ኪትስ ላይ፣ ባስቴር ከተማ አድርጓል። እንግዲህ የግሬናዳ መንግሥት ካዝናው ሲጎድል «ትንሽ ይታተምልኝ» ቢል የሚሰማው የለም። ሕጉም ባንኩ ለሚያወጣው ገንዘብ ቢያንስ 60 በመቶ የውጭ ምንዛሪ መያዣ እንዲኖረው ያስገድዳል።

ውጤቱን ይዩት። ባንኩ ሳይቋቋም ጀምሮ፣ ከ1976 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2.70 የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ነው። በ1995 እሳተ ገሞራ መፈንዳት ጀመረና የሞንትሰራት ዋና ከተማ ፕሊመዝ በአመድ ተቀበረች። በ2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ከስምንቱ አንዷ የሆነችውን ዶሚኒካን አወደመች። ምንዛሪው ግን ንቅንቅ አላለም።

ልጅዎን ያስጠንቅቋት የምለው ሌላ ነገር ነው። እዚያ ሁሉም «ዶላር» ነው የሚለው። እኔ ይህንኑ ገንዘብ ወደምትጠቀመው ሴንት ሉሲያ በሄድኩ ጊዜ፣ ካስትሪስ ገበያ ውስጥ አንዲት እናት የካካዋ ጥቅል «አሥር ዶላር» አሉኝ። አሥር የአሜሪካ ዘረጋሁ። ሳቅ ብለው በራሳቸው ገንዘብ 16 መለሱልኝ። በ2.60 መቁጠራቸው ነው፤ ሱቅና ገበያ ትንሽ ዝቅ አድርጎ መያዙ የተለመደ ነው። አመሻሹ ላይ አንድ ታክሲ ነጂ «አርባ ዶላር» አለኝ። አርባ የአሜሪካ ሰጠሁት። እሱ አልሳቀም። ዝም ብሎ ኪሱ ከተተ። በእነሱ ገንዘብ 40 መክፈል ሲገባኝ 108 ከፈልኩ ማለት ነው! ከዚያ ወዲያ አፌን ስከፍት የመጀመሪያው ቃሌ «ኢሲ ነው ዩኤስ?» ሆነ። እነሱ የራሳቸውን «ኢሲ» ነው የሚሉት።

ስለዚህ የአሜሪካ ዶላር ትያዝ፤ ይቀበሏታል። ግን ባንክ ገብታ ለዕለት ወጪዋ ኢሲ ብትመነዝር ይሻላታል። አዲሶቹ ኖቶች ፕላስቲክ ናቸው፤ ምስላቸውም ወደ ላይ የቆመ ነው፤ እንዳትደነግጥ። ባለ 100ው ላይ ያሉት ሰር አርተር ሉዊስ ናቸው፣ በኢኮኖሚክስ ኖቤል የወሰዱት የሴንት ሉሲያ ሰው።

የባንክ ሒሳብ ስትከፍት የቆየ መረጃ አትመን። ስኮሻባንክ ግሬናዳ ያሉትን ቅርንጫፎች በ2019 ለትሪኒዳዱ ሪፐብሊክ ባንክ አስረክቦ ወጥቷል። ፓስፖርቷን፣ ከትምህርት ቤቱ የተጻፈላትን ደብዳቤና የአድራሻ ማስረጃ አዘጋጅታ ትቅረብ፤ ትዕግሥትም ትያዝ።

ደግሞ ባርቤዶስ ወይም ትሪኒዳድ ጎራ ካለች ኢሲዋን ትርሳው። ጎረቤት ቢሆኑም የየራሳቸው ዶላር አላቸው፤ የባርቤዶሱ ሁለቱ በአንድ የአሜሪካ ነው። ለዕረፍት ስትመጣም የተረፋትን እዚያው ትመንዝር። ከአካባቢው ከወጣች በኋላ የሚቀይርላት ማግኘት ይከብዳታል። የኔዋ 20 ኢሲ ይኸው እስከ ዛሬ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጣለች።