ዲሹ ይቆያል፣ የታክሲው ነገር ግን ወረቀት ይጠይቃል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምንኖረው ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ታውንሃውስ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ዲሲ ታክሲ ይነዳል። ሰሞኑን ከኤችኦኤው፣ ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ደብዳቤ መጣብን። ጣሪያችሁ ላይ ያለውን ዲሽ በ10 ቀን ውስጥ አውርዱ፣ ታክሲውንም ድራይቭዌያችሁ (ከቤቱ ፊት ያለው የመኪና ማቆሚያ) ላይ አታቁሙ፣ ለእያንዳንዱ 200 ዶላር ተቀጥታችኋል ይላል። ዲሹን ያስተከልነው ለእናቴ ነው። የሀገር ቤት ቻናል ካላየች ቀኑ አይመሽላትም። ጎረቤታችን መሰላል የጫነ ፒክአፕ ሲያቆም ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ባለቤቴ ተናዶ «ይቅርታ እስኪጠይቁን ወርሃዊውን የማኅበር ክፍያ አልከፍልም» ብሏል። ምን ይሻለናል?
— የታክሲ ነጂው ሚስት

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ወርሃዊውን ዛሬውኑ ክፈሉ። የባለቤትሽ ንዴት ይገባኛል። እኔም ታክሲ ነድቻለሁ፤ ኋላ ደግሞ የሰፈራችን ማኅበር ቦርድ ውስጥ ገብቼ ደብዳቤውን ከሚልኩት ጋር ተቀምጫለሁ። ክፍያ ካቆማችሁ የዲሹ ነገር ይረሳል። ፋይሉ ጠበቃ ጋ ይሄዳል፣ የጠበቃው ሒሳብ በእናንተ ላይ ይደረባል፣ ዕዳው ቤታችሁ ላይ ይመዘገባል። ቨርጂኒያ ውስጥ ማኅበር በእንዲህ ያለ ዕዳ ቤት እስከማሸጥ ሊደርስ ይችላል። እየከፈላችሁ ተከራከሩ።

አሁን ወደ ዲሹ። ሜትር አውጡና ከዳር እስከ ዳር ለኩት። ከ1 ሜትር ካልበለጠ እማማ ተረጋግተው ይመልከቱ። የፌደራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ደንብ አለ። በገዛ ይዞታችሁ ላይ የተሰቀለን ይህን የሚያህል ዲሽ ማኅበር መከልከል አይችልም። ቀድማችሁ ማስፈቀድም የለባችሁም። «ከቤቱ ኋላ አድርጉት» ሊሏችሁ ይችላሉ። እዚያ ሲግናል ከሌለ ወይም ማዛወሩ ያለ ቅጥ የሚያስወጣ ከሆነ ግን አያስገድዷችሁም። ጣሪያው የእናንተ መሆኑን ብቻ ከሰነዳችሁ አረጋግጪ። ታውንሃውስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ነው። የጋራ ሆኖ ከተገኘ ይህ ደንብ አያድናችሁም።

ታክሲው ላይ እንዲህ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ቤቱን ስትገዙ «ዴክላሬሽን» የሚባል፣ የማኅበሩ ደንብ የተጻፈበት ወፍራም ሰነድ ተሰጥቷችኋል፤ ያው መሳቢያ ውስጥ ይሆናል። «ኮሜርሻል ቪሂክል» (የንግድ መኪና) የሚለውን ትርጉሙን ፈልጊ። አንዳንዱ በክብደት ይለካል፣ አንዳንዱ በመኪናው ላይ ባለ ጽሑፍ፣ አንዳንዱ ታክሲን በስም ይጠራል። በስም ከጠራው ድራይቭዌዩ ላይ መርታት ይከብዳችኋል። ያን ጊዜ መንገዱ የማን እንደሆነ ጠይቁ። የሕዝብ መንገድ ከሆነ ኤችኦኤው አያዝበትም፣ የካውንቲው ደንብ ነው የሚሠራው። ለምሳሌ ፌርፋክስ ካውንቲ የንግድ መኪና የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ላይ እንዳይቆም ሲከለክል፣ ለአንድ ቤት አንድ ታክሲ ይፈቅዳል። የእናንተ ካውንቲ ምን እንደሚል ደውላችሁ ጠይቁ።

200 ዶላሩ ግን ከየት መጣ? የቨርጂኒያ ሕግ የቅጣቱን መጠን ወስኖ አስቀምጧል። ለአንድ ጥፋት ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን 10 ዶላር፣ ያውም ከ90 ቀን ላላለፈ ጊዜ። ያም ቢሆን የመቅጣት ሥልጣኑ ሰነዳቸው ውስጥ በግልጽ መኖር አለበት። ከመቅጣታቸው በፊት ደግሞ ቢያንስ 14 ቀን ቀድመው በሪኮማንዴ ወይም በእጅ በሚሰጥ ደብዳቤ ጠርተው ሊሰሟችሁ ይገባል። እናንተን ማን ሰማችሁ? ይህንኑ በአጭር ደብዳቤ ጻፉና ሂሪንግ፣ ቦርዱ ፊት ቀርቦ መሰማት ማለት ነው፣ ጠይቁ። እናንተም በሪኮማንዴ ላኩት፣ ደረሰኙን ያዙት።

ሂሪንጉ ላይ ደግሞ ቅረቡ። የኛ ሰው ደብዳቤውን ማይክሮዌቭ ላይ ያስቀምጥና ይረሳዋል። ቦርድ ላይ ሳለሁ ባለቤቱ ያልመጣበት ጉዳይ ውኃ እስክንጎነጭ እንኳ አይቆይም ነበር፤ «ይቀጣ» ተብሎ ይታለፋል። ዲሹ ላይ ሜትር ተዘርግቶ የሚያሳይ ፎቶ ይዞ የመጣውን ግን ቁጭ ብለን እንሰማው ነበር።

የጎረቤታችሁን ፒክአፕ ቀን በሚያሳይ ፎቶ አንሱት። ስሙን ግን አትጥሩ። «ደንቡ ለሁሉም እኩል ይሥራ» በሉ፣ ይበቃል። በረዶ ሲጥል አካፋ የምትዋሱት ከቦርዱ ሳይሆን ከእሱ ነው።

ሁሉም ካልሆነ መጀመሪያ በማኅበሩ በራሱ የአቤቱታ ሥርዓት ሂዱ። የመጨረሻ መልሳቸው ካልጣማችሁ በ30 ቀን ውስጥ፣ 25 ዶላር ከፍላችሁ፣ የቨርጂኒያ የማኅበራት እንባ ጠባቂ ቢሮ ጋ ማቅረብ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ማናሳስ አካባቢ ቤት ልንገዛ ነው። የኤችኦኤ ክፍያው ከሌላው ሰፈር በጣም ያንሳል። ይህ ጥሩ አይደለም?
— አዲስ ገዢ

መልስ፦ ጥሩም ሊሆን ይችላል፣ ያልተቆጠበ ገንዘብ ማለትም ሊሆን ይችላል። የሰፈሩ መንገድ የማኅበሩ ከሆነ አስፋልቱ ሲያልቅ ከማን ኪስ ሊወጣ ነው? ካዝናው ባዶ ከሆነ «ስፔሻል አሰስመንት» (ልዩ መዋጮ) ብለው ለየቤቱ ያካፍሉታል፤ እርስዎ ትናንት ገቡ፣ ከርመው ቆዩ፣ ልዩነት የለውም። ቨርጂኒያ ውስጥ ማኅበሩ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ የመጠባበቂያ ጥናት፣ ለወደፊት ጥገና ስንት ገንዘብ እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ፣ ማስጠናት አለበት። በሚሰጥዎት የሽያጭ ሰነድ ውስጥ ጥናቱንና በመጠባበቂያው ያለውን ገንዘብ ያስተያዩ። ያልተከፈለ ዕዳና ክስ ካለም እዚያው ይጻፋል። ሰነዱ ከደረሰዎት በኋላ በሕጉ መሠረት ሐሳብዎን ቀይረው ውሉን ለመተው 3 ቀን አለዎት። ኤጀንትዎ «የተለመደ ወረቀት ነው፣ ይፈርሙ» ካለዎት ወረቀቱን ይቀበሉት፣ እስክሪብቶውን ይመልሱለት።