ረቡዕና አርብ ለምን ይቀለኝ ነበር?

ሰላም እህቴ። «ትንሽ ነው የምበላው፤ ግን ሆዴን ይነፋኛል፣ ሚዛን ላይ ስወጣ በአንድ ቀን ሁለት ኪሎ ጨምሬ አገኘዋለሁ። እዚህ ሜሪላንድ የምገዛው እንጀራ ይሆን የማይስማማኝ?» ያልሽውን ሳነብ የዛሬ ሦስት ዓመት እኔን ያየሁ መሰለኝ። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ፣ በአንድ ቀን የሚጨመር ሁለት ኪሎ ስብ አይደለም። ውሃና ገና ያልወጣ ምግብ ነው። ጨው የበዛበት ወጥም፣ የወር አበባ መቃረብም ያመጣዋል። እባክሽ ለእሱ ብለሽ እራትሽን አትተዪ። እኔ ማታ ቀሚሴ ሲጠብበኝ ወፈርኩ ብዬ ጦሜን አድር ነበር።

መንገዱን ያሳየኝ ጾም ነው። ረቡዕና አርብ ሆዴ ጸጥ ይላል። ሁዳዴ ገብቶ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ደግሞ ቀሚሴ ሰፋኝ፤ ያውም ሽሮና ምስር እየበላሁ! ሥጋ ነው ጠላቴ ብዬ ደመደምኩ። ተሳስቼ ነበር። ጾም ሥጋውንም፣ ወተቱንም፣ ቅቤውንም፣ እንቁላሉንም በአንዴ ያወጣል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው አንድ በአንድ ሲመለስ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና አርብም ስለማይጾም ለዚህ የሚመች ጊዜ ነው። ፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጡን አልነካሁም። እናቴን ቅር ብሏታል፤ ግን ሦስት ቀን በዘይት የተሠራ ጥብስ ብቻ በላሁ። ደህና። ቀጥሎ ሦስት ቀን እንቁላል። ደህና። ከዚያ ቅቤ። እሱም ምንም አላለኝም። በአሥረኛው ቀን ጠዋት አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጣሁ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ መጮህ ጀመረ፤ ከሰዓት ቀሚሴ ጠበበኝ። ጥቂት ቀን አርፌ ደገምኩት። ያው ነው። የበላሁትን፣ ሰዓቱንና የተሰማኝን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር፤ ያለ ደብተር ሰው የሚያስታውሰው የጠረጠረውን ብቻ ነው።

ክብደት ልቀንስ ብዬ በቁርስ ፈንታ ስጠጣ የነበረው ያንኑ ወተት ነው!

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ብዙዎቻችን ካደግን በኋላ እሱን የሚፈጭልን ኢንዛይም ይቀንሳል። ያልተፈጨው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዙም ቁርጠቱም ከዚያ ነው። የነጠረ ቅቤ ላክቶስ የለውም ማለት ይቻላል፣ እርጎና አይብም ከወተት ያነሰ ነው። ስለዚህ አይቤን አልተውኩም። ቡናዬን ግን ያለ ወተት አድርጌዋለሁ።

ወደ አንቺ ልምጣ። ጤፍ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም። ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት (ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት) ይደባለቅበታል። ስንዴን ከጠረጠርሽ ከማቆምሽ በፊት ለሲሊያክ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) የደም ምርመራ አድርጊ። ካቆምሽ በኋላ ምርመራው በሽታው እያለ የለም ሊል ይችላል። እንጀራው ንጹህ ጤፍ ከሆነ ደግሞ ወጡን እዪው፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ሽሮ ብዙ ሰው ይነፋሉ።

«መቶ ምግብ በአንድ የደም ጠብታ» ለሚሉት ምርመራዎች ገንዘብሽን አትስጪ። እኔ ከፍዬ ከሠላሳ በላይ ምግብ ተከለከልኩ፣ ጤፍም ሳይቀር። ወተት ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። እነሱ የሚለኩት አይጂጂ የሚባል በደም ውስጥ ያለ የሰውነት መከላከያ በአብዛኛው ያንን ምግብ መብላትሽን እንጂ አለመስማማቱን አያሳይም። ከሁለት ወር በኋላ ከድካም በቀር ያገኘሁት የለም።

ክብደቱስ? እውነቱን ልንገርሽ። ወተት ባቆምኩ በመጀመሪያው ሳምንት የወረደው ሁለት ኪሎ ስብ ሳይሆን ውሃና ያልወጣ ምግብ ነበር። የቀረው አራት ኪሎ አምስት ወር ፈጅቷል፤ የቀነሰውም ወተት ስላቆምኩ ብቻ አይደለም። የሆዴን መጮህ ረሃብ እየመሰለኝ ማታ ዳቦ እበላ ነበር። ጩኸቱ ሲቆም ዳቦውም ቀረ።

ሳትፈልጊ ከከሳሽ፣ ደም ካየሽ ወይም ደም ማነስ አለብሽ ከተባልሽ ግን ይህን ሁሉ ትተሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ታይሮይድሽንም (አንገት ላይ ያለውን ዕጢ) አስመርምሪ። ከአገር ቤት በቅርብ ከመጣሽ የሰገራ ምርመራም ይደረግልሽ፤ ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛም እንዲሁ ይነፋል።

አሁን የእንጀራሽ ዱቄት ከምን እንደሆነ ሻጮቹን ጠይቂና ጻፊልኝ። ከዚያ ተነስተን የትኛውን መጀመሪያ እንደምታወጪ አብረን እናያለን።