35 በመቶ እያለው ለሚጠፋ ላፕቶፕ፦ ሶፍትዌሩን ተወውና ታችፓዱን እየው

የጠያቂው ደብዳቤ ባጭሩ ይህ ነው። አዲስ ሶፍትዌር መሞከር ይወዳል። በቅርቡ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ሞዴል ያለ ኢንተርኔት እዚያው ላፕቶፑ ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም ጫነ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙን ከፍቶ ጥያቄ ባስገባ ቁጥር፣ ባትሪው 35 በመቶ አካባቢ እያለው ላፕቶፑ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቻርጀር ሲሰካለት ያው ፕሮግራም ያለ ችግር ይሰራል። ፕሮግራሙን አጥፍቶ ሌላ ሞከረ፣ ሁለት የባትሪ ማስተካከያ አፖች ጫነ፣ በመጨረሻም በሰው ምክር ፎርማት አድርጎ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነው፤ ለውጥ የለም። ባትሪው ከአንድ ዓመት በፊት ጥገና ቤት «ኦርጅናል ነው» ተብሎ ተቀይሯል። ደብዳቤው ሊያልቅ ሲል ደግሞ እግረ መንገዱን «ታችፓዱም የግራ ጥጉ አልጫን ይላል፣ አንዳንዴም ቻርጀር ቢሰካም ባይሰካም ሳልነካው ራሱ ይጫናል፤ እሱ ግን ብዙም አያሳስበኝም» ይላል።

እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ወንድሜ፣ ባትሪህ ሳያብጥ አይቀርም። ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ባትሪው የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ከእጅ ማሳረፊያውና ከታችፓዱ ስር ነው። ታችፓድ ሲጫን ጥቂት ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ከስሩ ያበጠ ነገር ከደገፈው መውረጃ ያጣል፣ ይባስ ሲል ደግሞ ከስር ተገፍቶ ራሱን ይጫናል። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ላፕቶፑን አጥፍተህ ክዳኑን ዝጋና ፍጹም ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። ጥግና ጥጉን በጣትህ ነካ ነካ ስታደርገው ከተወዛወዘ የታችኛው ሽፋን ወደ ውጭ ሳይወጣ አይቀርም። ከዚያ የስልክህን መብራት ከጎን አብራና የእጅ ማሳረፊያው ከታችኛው ሽፋን ጋር የሚገጥምበትን መስመር ተከታተል። አንድ ቦታ ላይ ከፈት ብሎ ካየኸው ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የከፈተውን ግን በእጅህ ተጭነህ ለመግጠም እንዳትሞክር።

ይህን በደንብ ያዝልኝ፦ ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ ቻርጅ አይደረግም። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ሳይሆን አሁኑኑ ቻርጀሩን ንቀል።

(ታችፓዱ ራሱን የሚጫነው ቻርጀር ሲሰካ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ መልስ እሰጥህ ነበር። መሬት መስመር የሌለው ቻርጀር በላፕቶፑ አካል ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ታችፓዱን ያምታታዋል፤ ብዙ ጊዜ ቻርጀሩን መቀየር ይበቃል። አንተ ግን ቻርጀር በሌለበትም ያው እንደሆነ ጽፈሃል።)

«ታዲያ ለምን ያ ፕሮግራም ሲከፈት ብቻ ይጠፋል?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ፕሮግራሙን ጥፋተኛ ያስመሰለው ይኸው ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ስክሪንህ ጥግ ላይ የሚታየው 35 በመቶ ተለክቶ የተገኘ አይደለም፤ ግምት ነው። ባትሪው ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ ቦርድ ላይ አንዲት ቺፕ አለች። በጣም ትንሽ ተቃውሞ ባላት ሬዚስተር በኩል የሚያልፈውን ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) እያየች የገባውንና የወጣውን ትደምራለች፣ ትቀንሳለች። መጋዘን ገብቶ ጆንያ የሚቆጥር ሰው ሳይሆን በር ላይ ተቀምጦ ገቢና ወጪ የሚመዘግብ ጸሐፊ በላት። ውስጥ ያለው እህል ቢበሰብስ ጸሐፊው የሚያውቀው ነገር የለም፤ መዝገቡ ላይ 35 ካለ 35 ነው።

ላፕቶፑን የሚያጠፋው ደግሞ ፐርሰንት ሳይሆን ቮልቴጅ ነው። የአንተ ዓይነት ላፕቶፕ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ በተከታታይ የተያያዙ ሶስት ሴሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) አሉት። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ፣ ሲያልቅ 3 ቮልት ገደማ ነው፤ ለሶስቱ ከ12.6 እስከ 9 ማለት ነው። 35 በመቶ ላይ ምንም ጭነት ሳይኖርበት 11 ቮልት አካባቢ ይሆናል። እያንዳንዱ ባትሪ በውስጡ የራሱ ተቃውሞ አለው፤ ከረንት በወጣ ቁጥር ከረንቱ ተቃውሞው ላይ ተባዝቶ ያን ያህል ቮልት እዚያው ውስጥ ይቀራል። ደህና ባትሪ 0.12 ኦም ተቃውሞ አለው እንበል። ጽሑፍ ስትጽፍ ላፕቶፑ 8 ዋት ቢፈልግ ከ1 አምፒር በታች ነው፤ የሚጠፋው ቮልት ከቁጥር አይገባም። ያ ሞዴልህ ሲነሳ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ባንዴ ተነስተው 45 ዋት ቢጠይቁ 4 አምፒር ገደማ ይሆናል፤ ግማሽ ቮልት ይወርድና ባትሪው 10.5 ላይ ይቆማል፣ ስራው ይቀጥላል።

አሁን ያው ባትሪ አርጅቶና አብጦ ተቃውሞው 0.45 ኦም ደረሰ እንበል። 4 አምፒር ሲወጣ 1.8 ቮልት ይወርዳል፣ 9.2 ይቀራል። ነገሩ ግን እዚያ አይቆምም። ላፕቶፑ የሚፈልገው 45 ዋት ስለሆነ ቮልቱ ሲቀንስ ከረንቱን ይጨምራል፤ ከረንቱ ሲጨምር ቮልቱ ደግሞ ይወርዳል። ቢሰላ 8.7 ቮልት አካባቢ ላይ ያርፋል። ከ9 በታች ማለት ነው። መከላከያ ሰርኪዩቱ በዚህ ጊዜ ማስጠንቀቂያ የመጻፍ ግዴታ የለበትም፤ ይቆርጣል። ጭነቱ ሲነሳለት ቮልቱ ወደ 11 ይመለሳል፣ የቺፗ መዝገብም ሳይነካ ይቆያል። ለዚህ ነው መልሰህ ስታበራው 35 ወይም 34 በመቶ እያለ የሚያሾፍብህ። ቻርጀር ሲሰካ ጭነቱን ቻርጀሩ ስለሚሸከመው ምንም አይታይም። ፕሮግራሙ ያደረገው የደከመውን ባትሪ ማጋለጥ ብቻ ነው፤ ከባድ ጌም ወይም የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ብትከፍትም ያው ነበር።

እነዚያን ሁለት የባትሪ አፖች አጥፋቸው። ባትሪ «የሚያድስ» ሶፍትዌር የለም። ተቃውሞ የሚጨምረው ሴሉ ውስጥ በሚካሄድ ኬሚስትሪ ነው፤ አፕ ደግሞ የሚያነበው ያችኑ የቺፗን መዝገብ ነው። አንዱ ከነአካቴው ከማስታወቂያ በቀር ስራ ያለው አይመስለኝም። ፎርማት ያደረግከው ዊንዶውስም ጦስ ሆኖ ነው የሄደው፤ ይህን ምክር የሰጠህ ሰው መብራት ሲጠፋ አምፖል የሚቀይር ዓይነት ነው።

ማስረጃ ከፈለግህ ዊንዶውስ ራሱ አለው። ኮማንድ መስኮቱን (Command Prompt) ከፍተህ powercfg /batteryreport በሚለው ትእዛዝ የባትሪ ሪፖርቱን አስወጣ። ሲመረት የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው አቅም በሚሊዋት ሰዓት ጎን ለጎን ይታያሉ። ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው 60 በመቶ አካባቢ ከወረደ ሴሉ ደክሟል። አንድ ዓመት ሰርቶ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑና የቻርጅ ዙሩም ዜሮ ከሆነ ግን ደስ አይበልህ። ያ ቺፑ የማይቆጥር፣ ተመሳሳይ ቁጥር ብቻ እንዲናገር የተሰራ ኮፒ ባትሪ ሳይሆን አይቀርም። ይህንንም ስታደርግ ቻርጀር ሳትሰካ ነው።

እኔ የምጠረጥረው ባለፈው ዓመት የተገጠመልህ ይሄው ዓይነት ነው። «ኦርጅናል ነው» ተብሎ መሰጠቱ ምንም አያሳይም፤ ኦርጅናል የሚል ወረቀት መለጠፍ ከሁሉ ይቀላል። ስትከፍተው ሌላም ነገር እንዳታጣ። የታችኛው ሽፋን ብሎኖች ርዝመታቸው ይለያያል፤ የችኮላ ጠጋኝ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ያስገባውና ጫፉ ወደ ውስጥ ይወጣል። ብሎኑ ቦርድ ካገኘ ቦርድ ይበሳል፣ ባትሪ ካገኘ የባሰ ነው። እንደዚህ ሆኖ የመጣ ስንቱን አይቻለሁ። ባትሪው በብሎን መታሰር ሲገባው ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ብቻ ተለጥፎ የተተወም አለ።

ካቻቢቴ መያዝ ታውቃለህ ብዬ ወደ ስራው ልግባ። ከመክፈትህ በፊት ቻርጁ ከ25 በመቶ በታች ይውረድ፤ ውስጡ ያለው ጉልበት ባነሰ ቁጥር አደጋውም ያንሳል። ለዚህ ብለህ ያን ከባድ ፕሮግራም አትክፈት፤ ስክሪኑን አብርተህ የማይቃጠል ነገር ላይ አስቀምጠውና ከአጠገቡ አትራቅ። ሲሞቅ ወይም ጣፋጭ መሳይ የሟሟ ሽታ ሲሸትህ እዚያው ተወው፣ ከክፍሉ ውጣ፣ ሰውም አስወጣ። ጭስ ካየህ እሳት አደጋ ጥራ፤ ጭሱን እንዳትተነፍሰው፣ መርዝ ነው።

አንዳንድ ላፕቶፖች ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ አብሮ የተገጠመውን ባትሪ የማጥፊያ ምርጫ አላቸው፤ ካለህ ተጠቀምበት። ሽፋኑን ስትፈታ ብሎኖቹን በወጡበት ቅርጽ ወረቀት ላይ ደርድር። ከፍተህ የመጀመሪያ ስራህ የባትሪውን ኮኔክተር ከማዘርቦርዱ መንቀል ነው፤ ሌላ ምንም ከመንካትህ በፊት። ብዙዎቹ ከቦርዱ ጋር ትይዩ እየተገፉ የሚወጡ ናቸው፤ ወደ ላይ ጎትተህ ሶኬቱን ከነሽያጩ እንዳትነቅለው።

ባትሪው በብሎን ከታሰረ ስራው አለቀ። ማጣበቂያ ከያዘው ነው ጥበቡ። የሙቀት ጠመንጃ አታምጣ፤ የስልክ ስክሪን የሚያላቅቁበት መንገድ ላበጠ ባትሪ አይሆንም። 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ከጠርዙ ስር ጠብ ጠብ አድርግ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ ጠርዙ በማይቆርጥ የፕላስቲክ ካርድ ቀስ እያልክ አላቅቅ። እምቢ ሲልህ አልኮል ጨምር እንጂ ጉልበት አትጨምር። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ቢላ፣ የብረት ማስመሪያ ከጠረጴዛው ላይ አንሳ፤ አጠገብህ ካለ እጅህ ወደዚያው ይሄዳል። ያ የባትሪው ከረጢት ያበጠው ኤሌክትሮላይቱ (ሴሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ) ፈርሶ በወጣ፣ ተቀጣጣይ ጋዝ ባለበት አየር ነው። «ትንሽ በስቼ ላስተንፍሰው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አይወጋም። አይጫንም። ወጥቶም ቻርጅ አይደረግም።

የወጣውን ባትሪ የኮኔክተሩን ጫፍ በፕላስተር ሸፍነህ ደረቅ አሸዋ ባለበት ብረት ዕቃ ውስጥ፣ ከቤት ውጭ አስቀምጠውና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚቀበሉ ስጥ። ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም። አዲሱ እስኪመጣ አብዛኛው ላፕቶፕ ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ይሰራል፤ አንዳንዱ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ ፋይል ለመገልበጥ አያንስም።

አዲሱን ስትገዛ በላፕቶፑ ስም ሳይሆን አሮጌው ባትሪ ላይ በታተመው የክፍል ቁጥር ፈልግ፤ አንድ ሞዴል ላፕቶፕ ሁለት ሶስት ዓይነት ባትሪ ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ስያሜው ላይ ያሉትን ቁጥሮች አባዛቸው። 11.4 ቮልት በ4.4 አምፒር ሰዓት 50 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ስያሜው 70 ካለ የጻፈው ሰው ማባዛት አይችልም ወይም አንተ አትችልም ብሎ ገምቷል። ሚዛን ካለህም መዝነው፦ የ50 ዋት ሰዓት ባትሪ 200 ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። በጣም የቀለለ ከሆነ ሴሉ ትንሽ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ነው ትልቅ።

ስትገጥመው ብሎኖቹን በየቦታቸው መልስ፤ ባለፈው ጠጋኝ የተሳሳተ ካገኘህ አስተካክል። አንድ ጊዜ እስከ 100 ሙላው፣ እስከ 10 በመቶ ተጠቀምበት፣ እንደገና ሙላው፤ ቺፗ መዝገቧን የምታስተካክለው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ በየወሩ መደጋገም አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ሰክተህ የምትሰራ ከሆነ ደግሞ አምራቹ በሰራው ሶፍትዌር ወይም በባዮስ ውስጥ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆመውን ምርጫ አብራ። ሴልን በብዛት የሚያሳብጠው ሙሉ ቻርጅ ላይ ሆኖ መጋል ነው፤ ያ ሞዴልህ በቻርጀር ላይ ለሰዓታት ሲሰራ የሚያደርገው ደግሞ ልክ ይህንኑ ነው። የአየር መውጫውንም በአልጋ ልብስ አትድፈንበት።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቻርጁ 30 በመቶ ሲደርስ ቻርጀሩን ነቅለህ ፕሮግራሙን ክፈትና ረዘም ያለ ጥያቄ ስጠው። ካልጠፋ ባትሪው ደህና ነው፤ ታችፓዱም እንደ ድሮው ስትጫነው ብቻ መጫን አለበት። ጥጉ አሁንም ከደረቀብህ ባትሪው እየገፋ አጣምሞታል ማለት ነው፣ ታችፓዱን ብቻ ቀይር። አዲስ ባትሪ ገብቶም ከጠፋ ግን ቴስተርህን ይዘህ ኮኔክተሩ ያለ ጭነት ስንት ቮልት እንደሚያሳይ ለካና ከሪፖርቱ ሁለት ቁጥሮች ጋር ላክልኝ፤ ያን ጊዜ ማዘርቦርዱን እንጠረጥራለን።