ያለ እርሾ፣ በአሬራ፦ የአየርላንድ ገጠር ዳቦ

ጥያቄ፦ የድሮ የአየርላንድ ገበሬዎች እርሾ ሳይነኩ በአሬራና በቤኪንግ ሶዳ ዳቦ ይጋግሩ እንደነበር ሰምቼ ሞከርኩት። እንደ ድፎ በደንብ አሽቼ አንድ ሰዓት አቆየሁት። ኩፍ አላለም፤ መሐሉ ሊጥ ሊጥ ይላል፣ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና። ምኑ ላይ ነው ችግሩ? ኦቨን የለኝም።
አንባቢ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር

መልስ፦ ማሸትዎና ማቆየትዎ ነው። ሶዳ ከአሬራው ኮምጣጣነት ጋር እንደተገናኘ ጋዝ መልቀቅ ይጀምራል። ሰዓት ሙሉ ከቆየ እሳት ሲያገኝ የሚነፋው ነገር አልቋል፤ መታሸቱ ደግሞ ዳቦውን ያጠነክረዋል። ሳሙና ሳሙና የሚለው ሶዳው ስለበዛ ነው።

ለ450 ግራም ዱቄት (ግማሹ ፉርኖ፣ ግማሹ ያልተነፋ የቤት ስንዴ ቢሆን ይጣፍጣል) 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሊትር አሬራ ይበቃል። ሶዳው በተለምዶ 1 የሻይ ማንኪያ ነው፤ ጎንደር ግን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ጋዙ ይበልጥ ይሰፋል፣ ሦስት ሩብ ማንኪያ ይሞክሩ። በወንፊት ይንፉት፤ ከተጓጎለ ቢጫ ነጠብጣብ ይተዋል። አሬራው ለአይብ ያልተጣደና በደንብ የኮመጠጠ ይሁን። በታጠነ ዕቃ የተናጠ ከሆነ የጭሱ ሽታ ዳቦው ውስጥ ይገባል፤ እኛ አንጠላውም።

ድስቱን አስቀድመው ያግሉ። ደረቁን ቀላቅለው መሐሉን ይጎድጉዱና አሬራውን በአንዴ ያፍስሱ፤ ጣቶችዎን ዘርግተው ጥቂት ጊዜ ብቻ ያዙሩት። ከድፎ ሊጥ ቀጠን ይላል፣ ዱቄት አይጨምሩበት። ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድበልብለው በቢላ መስቀል ይሰንጥቁት፣ ጠለቅ አድርገው። መሐሉ ሊጥ ሆኖ እንዳይቀር ሙቀቱን የሚያስገባው ይኸው ስንጥቅ ነው።

ኦቨን ባለመኖሩ አይጨነቁ፤ ብዙው የአየርላንድ ገጠር ቤትም አልነበረውም። ከረግረግ ተቆፍሮ በደረቀ አፈር መሰል ማገዶ እሳት ላይ ከባድ የብረት ድስት ይጥዱና ክዳኑ ላይ ፍም ይከምሩ ነበር። ሶዳ ወደ ገጠሩ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። የአገሩ ስንዴ ለስላሳ ስለሆነ ለእርሾ ብዙም አይመችም፤ አሬራ ደግሞ ቅቤ በተናጠ ቁጥር አለ።

እርስዎም የድስቱን ወለል ዱቄት ነስንሰው ያስገቡ። ኮባ አይጠቅልሉት፣ እንፋሎቱን ይይዝና ቅርፊቱ አይጠነክርም። ፍሙን ከታች ቀነስ፣ ከላይ በዛ አድርገው ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ያቆዩት። ገልብጠው ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል። ሳይቀዘቅዝ ከቆረጡት መሐሉ ይጣበቃል። በማግስቱ ይደርቃልና የዕለቱን ያህል ብቻ ይጋግሩ።

ሶዳ ሲገዙ የእቃውን ጽሑፍ ያንብቡ፦ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ የራሱ አሲድ ስላለው በዚህ ልክ አይሠራም።