የመጀመሪያው የኢንቨስትመንት መጽሐፍ የትኛው ይሁን?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ለረጅም ጊዜ ኢንቨስት ማድረግ ፈልገህ፣ ሁሉም «የግራሃምን አንብብ» ስላለህ ገዝተህ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቆመሃል። «ችግሩ የኔ ነው ወይ?» ብለሃል። አይዞህ፣ ያንተ አይደለም። መጽሐፉ ድንቅ ነው፣ ግን ለጀማሪ አይሆንም። ቤንጃሚን ግራሃም «ዘ ኢንተለጀንት ኢንቨስተር»ን መጀመሪያ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። የኩባንያ ሒሳብ መግለጫ አገላብጦ የማያውቅ ሰው ስለ ድሮ የባቡር ድርጅቶችና ቦንዶች ሲያነብ ቢደክመው አይገርምም።

ጓደኞቼ መጽሐፍ ምረጥልን ሲሉኝ ሽፋኑን ትቼ ቀጥታ ማውጫውን ነው የምከፍተው። መጀመሪያ የምፈልገው ስለ ክፍያ የሚያወራ ምዕራፍ ነው። ለምን መሰለህ? 100 ሺህ አስቀመጥክ እንበል። በዓመት 7 በመቶ እያደገ 30 ዓመት ቢቆይ 761 ሺህ ገደማ ይሆናል። ገንዘቡን የሚያስተዳድርልህ ፈንድ በየዓመቱ 1 በመቶ እየቆረጠ እድገቱ 6 በመቶ ከሆነ ግን የምታገኘው 574 ሺህ ገደማ ነው። «1 በመቶ ምን አላት» ስትባል የኖረችው ክፍያ መጀመሪያ ካስቀመጥከው የሚበልጥ ገንዘብ ይዛ ሄደች ማለት ነው። ይህን ቁጭ አድርጎ በቁጥር የማያሳይህ መጽሐፍ ለጀማሪ አይረባም።

ቀጥሎ ገበያው ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ይናገራል ወይ ብዬ አያለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2009 መጀመሪያ የአሜሪካ ትላልቅ ኩባንያዎች የሚለኩበት ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከግማሽ በላይ ወርዷል። በ2020 ደግሞ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሲሶውን አጥቷል። ያኔ ስልኬ አላረፈም፣ የሚደውለው ሁሉ «ልሽጥ ወይ?» ነው የሚለኝ። ከሚያውቁኝ ውስጥ ተረጋግተው የቆዩት ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ቀን እንደሚመጣ ቀድመው ያነበቡት ናቸው። ስለ ትርፍ ብቻ የሚያወራ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ምንም አይረዳህም። በተለይ «በአንድ ዓመት ሀብታም ትሆናለህ» የሚልና መጨረሻው ላይ የደራሲውን ኮርስ ግዛ የሚልህ ካጋጠመህ፣ እባክህ ገንዘብህን አታባክን።

ስለዚህ የኔ ምርጫ የጆን ቦግል «ዘ ሊትል ቡክ ኦፍ ኮመን ሴንስ ኢንቬስቲንግ» ነው። ቦግል ቫንጋርድ የተባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ኩባንያ መሥራች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ተራው ሰው የሚገዛውን የመጀመሪያውን ኢንዴክስ ፈንድ፣ ማለትም እንደ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ባለ መለኪያ ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች በሙሉ በአንድነት የሚይዝ ፈንድ፣ ያቀረበውም እሱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አሸናፊውን ኩባንያ ፍለጋ ከምትባዝን ሁሉንም በትንሽ በትንሹ ያዝ፣ ክፍያህን ዝቅ አድርግ፣ ከዚያ ጊዜ ስጠው። እርግጥ ለራሱ ሥራ ነው የሚሟገተው፣ ነገሩንም ደጋግሞ ደጋግሞ ይለዋል። ለጀማሪ ግን መደጋገሙ ጥሩ ነው፣ ሳታውቀው ጭንቅላትህ ውስጥ ይገባል። ስለ አሜሪካ ግብር የሚያወራውን ዝለለውና ያንተ አገር ሕግ ምን እንደሚል ለብቻው ጠይቅ።

የበርተን ማልኪየል «ኤ ራንደም ዎክ ዳውን ዎል ስትሪት»ም ጥሩ ነው፣ ግን ወፈር ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ እየታደሰ የሚታተም ስለሆነ ከገዛኸው አዲሱን እትም ፈልግ።

የግራሃምን ደግሞ እንዳትሸጠው። ቦግልን ስትጨርስ ተመለስና ምዕራፍ 8ን እና ምዕራፍ 20ን ብቻ አንብብ። ታዋቂው አሜሪካዊ ኢንቨስተር ዋረን ባፌትም በተለይ ልብ በሉ ያለው እነዚህን ሁለቱን ነው። አንዱ ገበያው ሲዋዥቅ ስሜትህን እንዴት እንደምትይዝ፣ ሌላው ደግሞ ብትሳሳት እንኳ እንዳትጎዳ አክሲዮንን ከእውነተኛ ዋጋው በታች ስለመግዛት ነው። እትምህ የጄሰን ዝዋይግ ማብራሪያ ያለበት ከሆነ ከየምዕራፉ በኋላ ያለውን የሱን ጽሑፍ አስቀድመህ ብታነበው ይቀልሃል። አክሲዮን አንድ በአንድ ስለመምረጥ የሚያወራው የመሃሉ ክፍል ይቆይ፣ አሁን አያስፈልግህም።